ያዥልኝ

ጥቅምት 9

ይድረስ ለሠዓሊዋ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ፖስታው ላይ «ለእትዬ ትኬት» ብቻ ብለሽ ስለጻፍሽ የፖስታ ቤቷ ልጅ ስቃ ነው የሰጠችኝ። በዚህ ከተማ ሌላ ስም እንደሌለኝ ማን እንደነገረሽ እንጃ። ዕድሜዬን ባቡር ጣቢያ ትኬት ስቆርጥ ኖሬ ጡረታ ብወጣም፣ ዛሬም ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ ባቡሩ በስንት ሰዓት እንደሚነሳ ይጠይቀኛል። ምን አገባኝ እያልኩ እነግረዋለሁ።

ጤናዬን መጠየቅሽ ደግ ነው። ጉልበቴ ያስቸግረኛል፤ ሌላው እንዳለ ነው።

ወደ ጉዳይሽ ልምጣ። አዎ፣ እኔ ነኝ። ከባቡሩ መስኮት ሥር ቆማ እጆቿን ወደ ላይ የዘረጋችው፣ ያቺ ባለ ሻርፕ ቀጭን ሴት እኔ ነኝ። ያኔ ቀጭን ነበርኩ። ጋዜጣው ከፎቶው ሥር የጻፈውንም ገልብጠሽ መላክ አላስፈለገሽም ነበር፤ በቃሌ አውቀዋለሁ። «ከጦርነቱ ለማዳን አንዲት እናት ልጇን ለማታውቀው መንገደኛ በመስኮት ስትሰጥ።» ስለ ጦርነቱ የሚጻፍ ነገር በመጣ ቁጥር እኔንም አብረው ያወጡኛል።

አንቺና ጓደኛሽ የድሮ የጦርነት ፎቶዎችን ከጋዜጣው መዝገብ ቤት እያወጣችሁ፣ አሳድጋችሁ፣ ቀለም ቀብታችሁ፣ ቆራርጣችሁ ለኤግዚቢሽን እንደምታቀርቡ ጽፈሻል። ጥበብ አላውቅም። ፎቶው ካልጣመሽ ለምን አዲስ ሥዕል አትስዪም? ብቻ ፈቃድ ጠይቀሽኛል፤ ከዚህ በፊት ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ስለዚህ ፈቅጃለሁ። ባቡሩንም ወታደሮቹንም እንዳሻሽ አድርጊያቸው። የእኔን ፊት ግን አጥፊልኝ። ልጅ አለችኝ፤ በሌላ ከተማ ፋርማሲ ከፍታ ነው የምትኖረው። ያንን ፎቶ ዳግመኛ እንድታየው አልፈልግም።

ስለ ሕፃኗ የጠየቅሽኝን አልመልስልሽም።

ደግሞ «እማማ» አትበይኝ። እትዬ ይበቃኛል።

እትዬ ትኬት


ጥቅምት 24

ለተከበሩ እትዬ ትኬት፣

በትእዛዝዎ መሠረት ዕድሜዎን ቀንሻለሁ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ቶሎ ስላልመለስኩልዎ ይቅርታ። የምልክልዎ ነገር ሳይኖረኝ መጻፍ አልፈለግሁም ነበር።

አዲስ ለምን አትስዪም ላሉኝ፣ ይኸው እንዴት እንደምንሠራ ልንገርዎ። የምንሠራበት ቤት ቀድሞ ጎሚስታ ነበር። ሙቀት ሲሆን እስከ ዛሬ ግድግዳው ጎማ ጎማ ይሸታል። የሥራ ጓደኛዬን ሁሉም «መቀስ» ነው የሚለው፤ ከፎቶው ውስጥ ጠመንጃ ጠመንጃውን ቆርጦ ያወጣና ቀዳዳውን እንዳለ ይተወዋል። እኔ ደግሞ እሸፍናለሁ። ጋዜጣው «ይህን እዩ» ያለንን ነገር በቀለም ስሸፍነው ሳናየው የኖርነው ብቅ ይላል። ባለፈው ሰው ሁሉ የሚያውቀውን የታንክ ፎቶ ወስጄ ታንኩን በአፈር ቀለም ሸፈንኩት። ለካ ከታንኩ ኋላ ባለ ቤት ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ የጫማውን ክር የሚያስር ሰው ነበር። ያን ያህል ዘመን ማንም አላየውም። አዲስ ብስል ያንን ሰውዬ ከየት አመጣው ነበር?

የእርስዎን ፊት ሸፍኛለሁ። ሻርፑም ቀሚሱም የለም። ወታደሮቹም ጠፍተዋል። የቀሩት የመስኮቱ ፍሬምና እጆች ብቻ ናቸው። መቀስ ፊት የሌለው ፎቶ ሰው አያቆምም ብሎ ተከራከረኝ፤ ቃል ገብቻለሁ ብዬ ዝም አሰኘሁት።

አሁን የከበደኝን ልጻፍ። ፎቶ አንሺው በሕይወት የለም። መዝገብ ቤት ያሉት ሰውዬ ግን የዚያን ቀን ፊልም ሙሉውን አሳዩኝ። ጋዜጣው ያወጣው ከብዙዎቹ አንዱን ነው። ከእሱ በፊት በተነሳው ላይ ሕፃኗ ገና ባቡሩ ውስጥ ናት። መስኮቱ ጋ ያለች ሴት ታቅፋታለች። የእርስዎ እጆች ባዶ ናቸው።

አይቼ ዝም ማለት ስላልቻልኩ ነው የጻፍኩት። ካልፈለጉ አይመልሱልኝ። ለመቀስም አልነገርኩትም።

አክባሪዎ ሠዓሊዋ


ኅዳር 3

ይድረስ ለሠዓሊዋ፣

ደህና ነኝ። እዚህ ብርዱ ገብቷል። ጣቢያውን ደግሞ ቢጫ ቀለም እየቀቡት ነው፤ ዘንድሮ ሁሉም ቀቢ ሆኗል። እኔ የነበርኩባትን የትኬት መስኮት በብሎኬት ዘግተው የማስታወቂያ ሰሌዳ ሰቅለውባታል። ሄጄ አይቻት መጣሁ። አላዘንኩም። ክረምት ክረምት የምታስገባውን ውሽንፍር እኔ ነኝ የማውቀው።

ስለ ታንኩ ሰውዬ የጻፍሽውን ለጎረቤቴ አነበብኩላት። እሷም የሚያስረውን ክር ጨርሶ ይሆን ወይ ብላ ቀኑን ሙሉ ስታስብ ዋለች። አንቺ ሰውን እንዲህ ነው ሥራ የምታስፈቺው።

ሌላውን ጽሑፍሽን አንብቤዋለሁ። የምለው የለኝም። የድሮ ነገር ነው፤ ፊልምም ያረጃል፤ ዓይንም ይሳሳታል። ፊቴን ስለሸፈንሽልኝ አመሰግናለሁ። ነገሩ በዚሁ ይብቃ።

እትዬ ትኬት

ፖስታውን ካሸግሁት በኋላ ከፍቼው ነው። የሴትየዋ ፊት ይታያል?


ኅዳር 15

ለእትዬ ትኬት፣

ይታያል።

ከዚህ በላይ ምን ልጻፍ ብዬ ብዙ አሰብኩ። በቃል ብገልጸው የእኔ ሥዕል ይሆናል፤ እርስዎ ደግሞ የጠየቁኝ ስለ እሷ ነው። ስለዚህ ፎቶውን አትሜ፣ በሌላ ፖስታ አሽጌ፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አብሬ ልኬዋለሁ። ምንም አልነካካሁትም። እንዳለ ነው። መክፈትም አለመክፈትም የእርስዎ ነው። ቢያቃጥሉትም አልቀየምም።

ስለ እኔ ጠይቀውኝ አያውቁም፤ ቢሆንም ትንሽ ልበል። አባቴ ጦርነቱ ውስጥ ነበር። ተመልሶ መጣ፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ ኖረ፤ አንድም ቀን ሳያወራልን ሞተ። ፎቶዎቹን ማየት የጀመርኩት አንዱ ላይ አገኘው እንደሆነ ብዬ ነው። አላገኘሁትም። በየፎቶው ጥግ ያለን ሰው ማየት ግን ለመደብኝ። የእርስዎን ባዶ እጆች ያየሁትም በዚሁ ልማድ ነው። ዝም የሚልን ሰው ማስገደድ እንደማይቻል ከአባቴ ተምሬያለሁ፤ ከዚህ ወዲያ አልጠይቅዎትም።

ጎረቤትዎን ሰላም ይበሉልኝ። ሰውዬው ክሩን አስሮ የጨረሰ ይመስለኛል።

ሠዓሊዋ


ታኅሣሥ 2

ልጄ፣

ፖስታውን ብዙ ቀን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬው ቆየሁ። ከዚያ አንድ ጠዋት መስኮቱ ጋ ወንበር ስቤ ከፈትኩት።

እሷ ናት። ፊቷ ጠፍቶብኝ ነበር። ድምጿን አስታውሳለሁ፤ ፊቷን ግን ባስበው ባስበው የሌላ ሰው ፊት ነበር የሚመጣብኝ። ቅንድቧ የልጄ ቅንድብ ነው። ልጄ ስትመጣ ትንሽ ስለነበረች ድንቢጥ ብያት ቀረሁ፤ አሁን ከእኔ በቁመት ትበልጣለች።

አንቺ አባትሽን ሳትሰሚው ስለቀረሽ እኔ ልንገርሽ።

ያን ቀን ከተራራው ባሻገር መድፍ ይሰማ ነበር። ባቡሩ ሲደርስ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ሰው ጣሪያው ላይ ሁሉ አለ። መስመሩ እስኪከፈትለት ጣቢያችን ላይ ቆመ። ሙቀቱ ሌላ ነው። በየመስኮቱ ባዶ ጠርሙስ እያወጡ ውሃ ውሃ ይሉናል። እኛም ትኬቱን ትተን በጆግ እየቀዳን እንሮጣለን። የደንብ ልብስ ኮቴን አውልቄ ስለነበር ፎቶ አንሺው የጣቢያ ሠራተኛ መሆኔን በምን ይወቅ? አልጠየቀኝም፣ አልነገርኩትም።

እሷ የነበረችበት መስኮት ግማሽ ድረስ ነው የሚከፈተው። ሕፃኗ ታፍና አንገቷ ዘንበል ብሏል። ዓይን ለዓይን ተያየን፤ ጆጉን መሬት አስቀመጥኩ። በዚያች በግማሽ መስኮት አወጣቻትና «ያዥልኝ» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም። ተቀበልኳት። ሴትየዋ ፊቷን አዙራ ሰው እየገፋች ወደ በሩ ስትሄድ ጀርባዋን አየሁት። ልትወርድ ነበር። እኔ እስከ ዛሬ ልትወርድ ነበር ነው የምለው።

ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። ሕፃኗን ይዤ በሩን በሩን እያየሁ ሮጥኩ። በሩ ላይ የተንጠለጠለው ሰው ብዙ ነው፤ እሷ የለችም። ፕላትፎርሙ አለቀብኝ።

ባቡሩ ከጣቢያችን ወዲያ ያለውን የወንዝ ድልድይ ካለፈ በኋላ ድልድዩ በጦርነቱ ፈረሰ። ከዚያ ወዲያ ከወንዙ ማዶ የመጣ ባቡር የለም። ጦርነቱ ሲያበቃ በመስመሩ ላሉ ጣቢያዎች ሁሉ ጻፍኩ፤ መልስ የሰጠኝ የለም። ልጅቷን አዝዬ እስከ ድልድዩ ሄጄ፣ ውሃውን አይቼ ተመለስኩ። በኋላ ወደዚህ ጣቢያ ተዛወርኩ። የዚህ አገር ሰው ከነልጄ ነው ያወቀኝ፤ ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርኩም።

ልጄ፣ ውሰጂልኝ አላለችኝም እኮ። አሳድጊልኝም አላለችም። ያዥልኝ ያለ ሰው ይመለሳል። አደራ ነው። እኔም ያዝኩላት።

ድንቢጥ አሥራ አራት ዓመት ሲሆናት አንዷ የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ያንን ፎቶ መጽሔት ላይ አግኝታ አመጣችላት። ከሥሩ ያለውን አንብባ ልትሰጪኝ ነበር ወይ አለችኝ። የምመልስላት ሁለት ነገር ብቻ ነበር። ወይ እናትሽ ሌላ ናት፣ በመስኮት ሰጥታሽ ሄደች ልላት ነው፤ ወይ አዎ፣ ልሰጥሽ ነበር፣ አልሆነልኝም ልላት ነው። ሁለተኛውን አልኳት። ከዚያን ቀን ወዲህ ልጄ ጨዋ ልጅ ሆነች። ትጠይቀኛለች፣ መድኃኒት ትልክልኛለች፣ በየበዓሉ ትደውላለች። ጨዋነት ምን ያህል እንደሚበርድ በልጅሽ አይድረስብሽ።

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ከአንቺ ጋር ይቅር።

እትዬሽ


ታኅሣሥ 21

እትዬ፣

ደብዳቤዎን ጎሚስታው በር ላይ ቆሜ አነበብኩት። ተመልሼ ገብቼ ሥራ መያዝ አልቻልኩም። የዚያኑ ዕለት ልመልስልዎ ጀምሬ ነበር። ያንን ደብዳቤ ሳልጨርሰው ሌላ ነገር ስለደረሰ አሁን ይህንን እጽፋለሁ።

የኤግዚቢሽኑ አዘጋጆች ፖስተር አሳትመዋል። እኔ የሸፈንኩትን ሥዕል አይደለም። ከጋዜጣው ወስደው ዋናውን ፎቶ፣ ከነፊትዎ፣ ከሥሩም ያንኑ ዓረፍተ ነገር አድርገው ነው። ሳይጠይቁኝ ነው ብልዎ እውነት ነው፤ ግን ምን ይጠቅምዎታል? ቃሉን የሰጠሁዎት እኔ ነኝ እንጂ እነሱ አይደሉም። ሄጄ ስጠይቃቸው ኃላፊዋ በጣም ተረጋግታ ሰው የሚያውቀውን ፎቶ ሲያይ ነው የሚመጣው አለችኝ። ዓረፍተ ነገሩ ውሸት ነው አልኳት። እንዴት እንደሆነ አስረጂኝ አለችኝ። አደራዎ ስለሆነ ላስረዳት አልቻልኩም።

መቀስ ምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። ሙጫና ነጭ ወረቀት ይዞ መጣ፤ ሁለታችን ከተማውን ዞረን በየግድግዳው ያለውን ሸፈንነው። አንድ ጥበቃ ምን እየሠራችሁ ነው ሲለን መቀስ «እያረምን ነው» አለው፤ ሰውየውም መሰላል አዋሰን። ችግሩ ግን ወደ ሌሎች ከተሞች የተላከው ቀድሞ ሄዷል። ልጅዎ ወዳለችበትም ሳይሄድ አይቀርም።

ሥራዬን ከኤግዚቢሽኑ አውጥቻለሁ። ይህን የምጽፈው ካሳ ይሁነኝ ብዬ አይደለም። ልጅዎ ሳታየው እርስዎ ቀድመው ቢያውቁ ይሻላል ብዬ ነው። ደብዳቤው ከፖስተሩ ዘግይቶ ይደርስ እንደሆነም አላውቅም።

ይቅርታ ማለት አንሶብኛል። ሌላ ቃል ግን አጣሁ።

ሠዓሊዋ


የካቲት 4

ልጄ፣

ደብዳቤዎችሽን ሁሉ አግኝቻለሁ። የመጨረሻዎቹን ሳልመልስ የቀረሁት ተቀይሜሽ አይደለም። ስቀየም ተቀየምኩ ብዬ እጽፋለሁ እንጂ ዝም አልልም። ፋታ አጥቼ ነው።

እንደፈራሽው ፖስተሩ ቀደመሽ። የድንቢጥ ፋርማሲ ካለበት ሕንፃ ግድግዳ ላይ ነው የለጠፉት። ሳትደውል መጣች። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ የተጣጠፈውን ፖስተር አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው። አልጮኸችም። «ሲሰጡኝ እስከ መቼ ነው ሰው የሚያየው?» አለችኝ።

«ሲሰጡኝ» ነው ያለችው። ልብ በይ፤ ከዚያች ከአሥራ አራት ዓመቷ ጀምሮ አንቱ ነኝ። የሰፈሩ ሰው የልጅሽ አስተዳደግ ሲያምር ይለኛል። እኔ ብቻ ነኝ አንቱታው ከየት እንደመጣ የማውቀው።

ያንቺን ፎቶ ከመሳቢያ አምጥቼ ፖስተሩ ላይ አስቀመጥኩላት። በቃሌ የማውቀው ንግግር ነበረኝ፤ ለዚህ ቀን እያልኩ ዘመኑን ሙሉ ሳዘጋጀው የኖርኩት። አንዱም አልመጣልኝ። በጣቴ መስኮቱን አሳየኋትና ሕፃኗ አንቺ ነሽ፣ ይቺ ወላጅ እናትሽ ናት፣ እኔ ተቀባይ ነኝ አልኳት። ያዥልኝ እንዳለችኝም ነገርኳት። ሌላውን ቀስ ብዬ ጨመርኩላት።

ድንቢጥ ፎቶውን ብዙ ቆይታ አየችው። ተነሳችና የጠጣንበትን ብርጭቆ አጠበች፤ የታጠበውንም ደግማ አጠበች። ፎቶውን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ በከሰዓቱ ባቡር ሄደች። «ደህና ይዋሉ» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ስደውል አታነሳም። ሁለቱንም አጣኋቸው አልኩ፤ ይዤላት የኖርኩትንም ልጅ፣ ያስያዘችኝንም ሴትዮ። ጎረቤቴ እህል ቅመሺ እያለች ስትነዘንዘኝ ከረመች። ላንቺ መጻፍ ያልቻልኩት ያን ጊዜ ነው።

ባለፈው ሳምንት በሩ ተንኳኳ። ድንቢጥ ናት፤ ፊቷ ተቆጥቶ ቀልቷል። እንዲህ ተቆጥታ አይቻት አላውቅም፤ ያችን ጨዋ ልጅ የት እንደጣለቻት እንጃ። ገና ደፉን ሳታልፍ፣

«ለምንድን ነው ዝም ያልሽው?» አለችኝ። «ይህን ሁሉ ዘመን ስጠላሽ ዝም ብለሽ አየሽኝ?»

እኔ የሰማሁት አንቺ ማለቷን ነው። ጥያቄውን እንድትደግምልኝ አደረግኋት፤ ያልሰማሁ መሰላት።

«እኔን ብትጠይኝ እኔ እዚሁ ነበርኩ» አልኳት። «ትመጪያለሽ፣ ትቆጪኛለሽ፣ በር ዘግተሽብኝ ትሄጃለሽ። እሷን ብትጠያት ግን የት አግኝተሽ ትጮሂባታለሽ?»

ጉልበቴ ስለሚያመኝ እኔ ተቀምጬ ነበር። መጥታ መሬት ቁጭ አለችና ጭንቅላቷን ጉልበቴ ላይ አደረገች፤ በሚያመኝ በኩል። አላነሳሁትም።

ከዚያ ወዲያ ስንጣላ ነው የሰነበትነው። መድኃኒቴን በሰዓቱ አትወስጂም ትለኛለች፣ መጋረጃውን ለምን አትቀይሪውም ትለኛለች። እኔም እመልስላታለሁ። ጎረቤቴ ደንግጣ ምን ነካችሁ ብላ መጣች። ምንም አልሆንን፣ እናትና ልጅ ነን አልኳት።

በጸጥታ የምታወራው ስለ ሴትየዋ ነው። አንድ ቀን ፎቶውን ይዛ፣ ከባቡሩ ወርዳ ነበር ወይ አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ወርዳ ከሆነ ስትፈልገን ኖራለች አለችኝ፤ ስትፈልገን አለች፣ ስትፈልገኝ አላለችም። ድልድዩ ከተሠራ ቆይቷል። የመስመሩን ጣቢያዎች ስም ከነቅደም ተከተላቸው እስከ ዛሬ አልረሳሁም፤ ስጠራላት ድንቢጥ ጻፈች። በየአንዳንዱ ወርደን ሽማግሌ ሽማግሌውን ልንጠይቅ ነው። ሴትየዋ በሕይወት ካለች ከእኔ ብዙም አትበልጥም። ሞታም ከሆነ ዘመድ አይጠፋትም፤ ልጅቷ በእጄ መሆኗን ለአንድ ሰው መንገር አለብኝ። ድንቢጥ ፋርማሲውን ለረዳቷ አስረክባለች። ለዚህ መንገድ ትኬት የቆረጠችልኝ እሷ ናት፤ መስኮት ጋ ነው የያዘችልኝ።

ሥራሽን መልሰሽ ስቀዪው፤ ድንቢጥም ይሰቀል ብላለች። ለመቀስ መሰላል ስላዋሰው ጥበቃ ደግመሽ ጻፊልኝ፤ ድንቢጥ ስትስቅ ማየት ለምዶብኛል።

አሁን የምለምንሽ አንድ ነገር አለ። ያንቺ ፎቶ በመታሸት ብዛት ጠርዙ ተልጧል፤ ሁለታችን እየተነጣጠቅን ነው የያዝነው። እባክሽ የሴትየዋን ፊት በትልቁ አትመሽ፣ በርከት አድርገሽ ላኪልን። በየጣቢያው ልንለጥፈው ነው። እጅሽ እንደማያርፍ አውቃለሁ፤ ግን አደራሽን፣ ይህንን ምንም ቀለም አትቀቢው። የሚያውቃት ሰው እንዲለያት ነው የምንፈልገው።

እትዬሽ